ያቆምንበት ዋሻ

ውዴ ታዴ፣

ለአንተ ሲጽፉ ሰላምታው ራሱ ይቸግራል። «እንደምን ሰነበትክ» አይባል ነገር። ስለዚህ ከእኛ ልጀምር፤ ደህና ነን። ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው በረዶ ቀልጦ የጓሮው ሣር ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። ትናንት ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ ጎረቤቶቻችን ሁሉ በካናቴራ ወጥተው ዋሉ፤ ነገ ተመልሶ እንደሚበርድ እያወቁ።

ቤቱ እንዳለ ነው፤ እኛ ነን የተለዋወጥነው። እናትህ እማማ ዘነቡ ከእኛ ጋር ናቸው። ለለቅሶው ቪዛው አልደረሰላቸውም ነበር። በኋላ ሲሳካላቸው፣ ልጄ የኖረበትን ቤት በዓይኔ ሳላየው አልሞትም ብለው መጡ፤ እኛም ይዘን አስቀረናቸው። ጉልበታቸው ከደረጃ ጋር ስለማይስማማ ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ያለውን ክፍል ሰጠናቸው። ቤተል ትምህርቷን ጨርሳ ዳውንታውን ሥራ ይዛለች፤ ጠዋት ጠዋት ባቡሩ እንዳያመልጣት እየሮጠች ትወጣለች፣ አንተ እንደምታውቃት። እኔ አሁንም እዚያው ሕፃናት ማቆያ ነኝ። መኪናውን እኔው እነዳለሁ፤ በዲርፉት አውራ ጎዳና ሳይቀር። አጠገቤ ተቀምጦ የሌለ ፍሬን የሚረግጥ ሰው ስለሌለ መንዳቱ ቀሎኛል። አትቀየመኝ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ጨዋታው ነው።

ካልጋሪ በመጣን በመጀመሪያው በጋ፣ ቤልትላይን በነበረችው ባለ አንድ ክፍል አፓርትመንታችን፣ ድስት እንድትገዛ ልኬህ ነበር። ኦግደን ካለው ሥራህ ስትመለስ መንገድ ላይ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ የሚሸጥበትን ጋራዥ ሴል አየህና ድስቱን ረስተህ ግራጫ ሣጥን፣ የተጠላለፈ ሽቦና አንድ የቪዲዮ ጨዋታ ታቅፈህ ገባህ። «ለሚወለደው ልጅ ነው» አልከኝ። የሚወለድ ልጅ ገና አልታሰበም ነበር።

ጨዋታው ሰይፍ ስለያዘ አንድ ልጅ ነው። መንደሯ በሙሉ እንቅልፍ ወስዷት አልነቃ ብላለች፤ እሷን የሚቀሰቅሰው ደወል ደግሞ ተሰብሮ ስብርባሪው በየዋሻው ተበትኗል። ልጁ ከዋሻ ዋሻ እየገባ ይለቅማል። በየዋሻው የሚገፋ ድንጋይ፣ የሚለኮስ ችቦ፣ ቁልፉ የት እንደተደበቀ የማይታወቅ በር አለ፤ አንዱን ሳይፈቱ ወደ ሌላው አይታለፍም። አንተ ልጁን የሚያንቀሳቅሰውን ኮንትሮለር ትይዛለህ፤ እኔ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ የመንደሩ ሽማግሌ በእንግሊዝኛ የሚናገረውን እንቆቅልሽ እፈታለሁ። ቢያንስ እሞክራለሁ። እኔ ገና ሁለተኛውን ቃል ስፈልግ አንተ ግድግዳውን በቦምብ ማፍረስ ትጀምራለህ። «ቆይ፣ ካርታውን እንየው» ብዬ ስለምን፣ «ካርታ ለሚጠፋ ሰው ነው» ብለህ ትገባለህ፤ ከዚያም ትጠፋለህ። ለልጁ የራስህን ስም ነበር የሰጠኸው። ልጁ በሞተ ቁጥር ስክሪኑ ላይ በትልቁ «ታዴ ወድቋል» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ ጎረቤት እስኪያንኳኳብን እስቅ ነበር።

በተከተለው ክረምት ብርዱ ከቤት የሚያስወጣ አልነበረም፤ ዘመድም አልነበረንም። ውኃው ከፍና ዝቅ በሚልበት ዋሻ ውስጥ ተቀርቅረን ስንጨቃጨቅ ከረምን። አሁን መለስ ብዬ ሳስበው ለዚህ አገር ብርድም ለእርስ በርሳችንም የተላመድነው እዚያ ዋሻ ውስጥ ነው።

ከዚያ ቤተል ተወለደች፣ ካስልሪጅ ቤት ገዛን፣ በሺፍት ላይ ሺፍት ደረብን። አንተ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። ግራጫው ሣጥን በካርቶን ሆኖ ምድር ቤት፣ ቤዝመንት ወረደ። ለልጅ የተገዛው ዕቃ ለልጅቱ ሳይደርሳት ቀረ።

ታመህ ቤት ከዋልክ በኋላ ነው እንዳወጣው የጠየቅከኝ። ስንከፍተው ያቆምንበት ቦታ ሁሉ ጨዋታውን በያዘው ካርትሪጅ ውስጥ ተመዝግቦ ይጠብቀን ነበር። መድኃኒቱ ጣቶችህን ስላደነዘዛቸው ኮንትሮለሩን እኔ ያዝኩ፤ አንተ ሶፋው ላይ ትራስ ተደግፈህ ታዝዘኛለህ። ከመጨረሻው ቀድሞ ያለው የበረዶው ዋሻ ደረስን። እዚያ መሬቱ መስተዋት ነው፤ ልጁ አንዴ እግሩን ካነሳ የሚያቆመው ነገር እስኪያገኝ ይንሸራተታል፤ የሚያቆመው ከሌለ ገደል ይገባል። አንተ በግራ በኩል ነው መንገዱ አልክ፣ እኔ በቀኝ ነው አልኩ። ነገ እንሞክረዋለን ብለን አጠፋነው። በማግስቱ ሆስፒታል ገባህ፤ ከዚያም አልተመለስክም።

ከቀብሩ በኋላ ሣጥኑን ነጠላ አልብሼ ተውኩት። ልነካው አልፈለግኩም። እኔና አንተ ልክ እዚያ ቦታ ላይ ቆመናል፣ ካልነካሁት እንደቆምን እንኖራለን ብዬ ይሆናል።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ቤተል ሳሎን መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ እማማ ዘነቡ ደግሞ እጃቸውን አጣምረው እኔ ምንም አልነካሁም ይላሉ። ልጅቱ ለአያቷ አባቷ ይወደው የነበረውን ነገር ላሳያቸው ብላ ከፍታው ነው። የተመዘገበው ሁሉ ጠፍቷል። ስምህ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ካርትሪጁ ውስጥ የነበረችው ትንሽ ባትሪ ሞታ ይዛው ሄዳለች።

እንደምጮህ ጠብቄ ነበር፤ አልጮህኩም። የያዝኩትን ከረጢት አስቀምጬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቤተል ይቅርታ ስትለኝ ጥፋተኛ አለመሆኗን ነገርኳት። እውነትም አልነበረችም። ግን ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩህ መሰለኝ፤ ይህንን ለማንም አላልኩም፣ ላንተ ነው የምለው።

በሳምንቱ ቤተል አሮጌ ጨዋታ የሚጠግን ሰው ፈልጋ ባትሪውን አስቀየረችው። ሰውየው የጠፋው እንደማይመለስ፣ አዲስ የሚጀመረውን ግን ለረጅም ዘመን እንደሚይዝ ነግሯታል። መጥታ ካርትሪጁን እጄ ላይ አስቀመጠችና ከመጀመሪያው እንድንጀምር ጠየቀችኝ። ተዪ የሚለኝ ነገር ነበር። ነገር ግን ያች ልጅ ከአባቷ የፈለገችው አንድ ነገር እንዳለ ከፊቷ አነበብኩ፤ እሺ አልኳት።

ገና ስንከፍተው የልጁን ስም ይጠይቃል። ቤተል ያንተን ስም መጻፍ ስትጀምር እጇን ያዝኩት። ያኔ ያሳቀኝን ያንን ጽሑፍ አሁን ማየት አልችልም ነበር። ማን እንበለው ስንባባል እናትህ ከሶፋው ላይ ሆነው «ጎበዝ በሉት፤ በጎበዝ የተከፋ የለም» አሉ። ጎበዝ ሆነ።

ጎበዝ በመጀመሪያው ዋሻ ሞተ። እማማ ዘነቡ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ይህን ልጅ ብቻውን ጉድጓድ የላከው ማነው፣ እናት የለውም ወይ ብለው ሲቆጡ፣ ልጁ ከዋሻው አፍ ላይ ሰይፉን ይዞ እንደገና ቆመ። ተመለከቱት። «ይሄ እንኳ ይነሣል» አሉ፤ ቀስ ብለው ወደ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። እኔና ቤተል ተያየን። ጨዋታውን አጠፋነው፤ ሴትዮዋን ጎዳናቸው ብዬ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ምሳ ከመነሣቱ በፊት ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙረው ተቀምጠው አገኘናቸው። ጎበዝ የት ደረሰ ብለው ጠየቁ።

ቅዳሜያችን እንዲያ ሆነ። ቤተል ኮንትሮለሩን ትይዛለች፤ እኔ አሁን ያለ መዝገበ ቃላት አነባለሁ፤ እናትህ ጎበዝ አዲስ በር ሲከፍት ያማትባሉ። በየዋሻው አንተ ትመጣለህ። ችቦዎቹ ጋ ስንደርስ በጨለማ ከግድግዳ ጋር እየተጋጨህ «አየሁት፣ አየሁት» የምትለውን ነገርኳት። የውኃው ዋሻ ጋ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ያለ ምክር አባከንክ ብዬ ቀኑን ሙሉ እንዳኮረፍኩህ፣ አንተም ይቅርታ ለመጠየቅ እውነተኛ ቁልፍ በሪባን አስረህ እንዳመጣህልኝ፣ ቁልፉ ደግሞ የሥራ ቦታህ በር መክፈቻ ሆኖ በማግስቱ በር ላይ እንደቀረህ ነገርኳት።

ቤተል ኮንትሮለሩን አስቀምጣ አየችኝ። «እማዬ፣ ዳዲ ፈኒ፣ የሚያስቅ ሰው ነበር እንዴ? ለምንድነው ማንም ያልነገረኝ?»

ይህ ጥያቄ ልቤ ውስጥ ገባ። እሷ የምታውቀው ከሺፍት ደክሞ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ የሚተኛውን፣ ለትምህርቷ የሚጨነቀውን አባት ነው። መጥፎ አባት አልነበርክም፤ የደከመ አባት ነበርክ። ድስቱን ረስቶ ጨዋታ ታቅፎ የገባውን ወጣት ግን አላገኘችውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጠየቅ ጀመረች፤ እኔም መንገር። አማርኛዋ ሲያጥራት በእንግሊዝኛ እየሞላች፣ እናትህም የልጅነትህን እየጨመሩበት፣ አንዳንድ ቅዳሜ ጎበዝ አንድ በር ሳይከፍት ይመሽ ነበር።

የበረዶው ዋሻ ስንደርስ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩ። ቤተል ገብቷት ኮንትሮለሩን ሰጠችኝ። ያንን መስተዋት መሬት ሳየው ትራሱ፣ ብርድ ልብስህ፣ ወደ ግራ የሚጠቁመው ጣትህ ሁሉ መጣብኝ። ከመሄድህ በፊት የነገርከኝ መንገድ ነው፤ ሳልሞክረው ማለፍ አልችልም። በግራ በኩል ሄድኩ። ጎበዝ ተንሸራቶ ገደል ገባ። ምናልባት እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብዬ ደገምኩት። ገባ። ከሌላው ጥግ ተነሥቼ እንደገና በግራ ሞከርኩ። አሁንም ገባ።

«አይ ታዴ!» አልኩ፤ ድምፄ እንዲያ ጮክ ብሎ መውጣቱን ሳላውቀው። ሞተህም ተሳስተሃል። በሕይወት እያለህ እንደምቆጣህ ተቆጣሁህ፤ ቁጣው ሳያልቅ ሳቅ መጣብኝ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባ። ቤተልም አብራኝ ሳቀች። እናትህ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «እሱ ከልጅነቱም ግራና ቀኙን አይለይም ነበር፤ ጫማውን ሲያደርግለት የኖረው ታላቅ ወንድሙ ነው» አሉ። እንደዚያ ስንስቅ ይህ ቤት ከሄድክ ወዲህ ሰምቶን አያውቅም።

በቀኝም ወዲያው አልሆነልኝም፤ ይህንንም ልደብቅህ አልችልም። መጀመሪያ አንዱን የበረዶ ድንጋይ ወደ መሐል መግፋት ያስፈልግ ነበር፤ ያኔ እኔም አንተም አላየነውም። ድንጋዩ ቆሞ ጎበዝን ሲያቆመው፣ በሩ ሲከፈት፣ ወደ ኋላ ዞሬ ሶፋውን አየሁ። እንዳለህ አድርጌ ሳይሆን፣ እንዲያው በልማድ። አላመመኝም ታዴ። ወደፊት ሄድኩ።

የመጨረሻውን ዋሻ ቤተል ናት የጨረሰችው፤ እዚያ ያለው አውሬ ለኔ ጣት አይመችም። ደወሉ ገጥሞ ሲደወል የመንደሩ ሰዎች አንድ በአንድ ከየቤታቸው ዓይናቸውን እያሹ ወጡ። እናትህ እልል አሉ፤ የምር እልልታ፣ ጎረቤት የሚሰማው። ጎበዝን ለእናቱ ያበቃው አምላክ ይመስገን አሉ። እኔ አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፤ ራበኝ። ምግብ አቅርበን በላን።

ታዴ፣ ሙት ዓመትህን ስናስብ ሰዎች ስለ አንተ ብዙ ተናገሩ። ታጋሽ ነበር፣ ዝምተኛ ነበር፣ ቁጣ አያውቅም፣ ነገሩን ሁሉ አስቦ ነው የሚያደርገው አሉ። ቤተል በነጠላዋ ሥር በክርኗ ነካችኝ። ክፉ አላሉም፤ ወድደውህ ነው። ሞት ሰውን እንደ ሸሚዝ ይተኩሰዋል፣ እጥፋቱን ሁሉ ያጠፋበታል። እኔ ግን ያንን የተተኮሰ ሰው አላገባሁም። ችኩል ነበርክ፣ ግትር ነበርክ፣ መንገድ ትስት ነበር፤ ከአንተ ጋር መሳሳት ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር ከመታረም ይሻለኝ ነበር። ለልጅህም እንዲሁ አድርጌ ነው የምነግራት፤ ለልጆቿ የምትነግረውም እንዲሁ ይሆናል። ሌላው ቅዱስ ያድርግህ፤ እኔ ቅዱስ ሳላደርግህ፣ እንደነበርክ አስታውስሃለሁ።

ሶስናህ