ምን አጥፍቼ?

ጥቅምት 4

ዛሬም እንደ ወትሮው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የሰው ልብስ ስተኩስ ዋልኩ፤ እግሬ የእኔ አይመስለኝም። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ከግድግዳው ወዲያ ሳል ተሰማ።

«ጋሼ፣ እግዜር ይማርዎ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ምን አጥፍቼ!» አሉ ቁልፍ ቀራጩ ጎረቤቴ።

ሰባት ዓመት ሙሉ መልሳቸው ይቺው ናት። እግዜር የሚባል የለም ባይ ናቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ እኔም እስቃለሁ።

ጥቅምት 9

ሳሉ ብሶባቸዋል። ሐኪሙ ምን እንዳላቸው ጠየቅኳቸው።

«ሳንባህ አልቋል አለኝ። መለዋወጫ የለም ወይ? አልኩት።»

ሳቁ… እኔ አልሳቅኩም።

የበራቸውን ቁልፍ ቀርጸው ሰጡኝ። «አንኳኩተሽ ዝም ካልኩ ግቢ። ግን አንቺ ብቻ። ጸሎትሽን እዚያው በራስሽ ቤት በዪው፣ ማን ይከለክልሻል?»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ቃሌን ሰጠሁ።

ጥቅምት 15

ታላቅ እህቴ መጣች። ስለ ጋሼ ነገርኳት፣ ስለ ቁልፉም ጭምር። ምን አስለፈለፈኝ?

«እንዲሁ ሊሞቱ ነው? አጠገባቸው ሆነሽ ዝም ትያለሽ?»

«ሾርባ አደርሳለሁ፣ ሸሚዛቸውን እተኩሳለሁ፣ እጸልይላቸዋለሁ» አልኳት።

«በሸሚዝ መንግሥተ ሰማያት አይገባም» አለች። «ነገ ደማቸው ከእጅሽ ይፈለጋል!»

አምና የቤተ ክርስቲያናችን ቁልፍ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ደጅ ተገትሮ ሲቀር ማን ከፈተልን? ጋሼ አይደሉም? «እስከ በሩ የእኔ ነው፣ ከዚያ ወዲያ የእናንተ» ብለው መሣሪያቸውን ሰብስበው ሄዱ። ይህን ለእቴቴ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳትም። ከልጅነቴ ጀምሮ እሷ ስትቆጣ ምላሴ ይተሳሰራል።

ጥቅምት 17

እቴቴ ሦስት የጸሎት ጓደኞቿን ይዛ መጣች። የጋሼን በር አንኳኳን፤ ዝም። ተኝተው ነበር።

«ክፈቺው» አለችኝ።

ከፈትኩት። በገዛ እጄ፣ ራሳቸው በቀረጹልኝ ቁልፍ…

አልጋውን ከበቡት። አንዷ እጇን ግንባራቸው ላይ ጭና «ጊዜ የለዎትም፣ ንስሐ ይግቡ!» ትላለች። ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። ሴቶቹን ከቁም ነገርም አልቆጠሯቸው። እኔን ነው ያዩት።

«በየትኛው ቁልፍ ነው የገባችሁት?» አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ የእኔ ቤት ወዳለበት ወገን።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ጥቅምት 18

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። አንኳኳሁ፣ ዝም ሲሉ ደነገጥኩ። ቁልፌን አስገባሁ። አልዞረም።

የበሩን ቁልፍ ቀይረውታል። ማንኪያ መያዝ ያቃታቸው ሰውዬ፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ብሎኑን አንድ በአንድ ፈትተው… ስንቴ አረፍ ብለው ይሆን? ስንቴ ሳል አቋርጧቸው ይሆን?

«ደህና ነኝ። ሂጂ» አሉ ከውስጥ።

ጥቅምት 23

ሾርባውን በራቸው ሥር እያስቀመጥኩ ነው። ስመለስ እንዳለ አገኘዋለሁ። ዛሬ ሲስሉ ጮክ ለማለት አፈርኩና «ይማርዎ» አልኩ በለሆሳስ። ለራሴም በወጉ አልተሰማኝም።

መልስ የለም።

ጥቅምት 26

ሳህኑ ባዶ! ደግሞም ታጥቧል! ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ነገ ከሥራ ስመለስ ደፍሬ አንኳኳለሁ።

ጥቅምት 27

ልጃቸው መጥታ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። እኔ ካውያዬ ጋ ነበርኩ። አልደረስኩም።

ኅዳር 2

አረፉ።

የማላውቀው ሰው ሸሚዝ አንገትጌ አቃጠልኩ። አሠሪዬ ፊቴን አየችና ሳትቆጣኝ ቀረች። እቴቴ ደወለች።

«ንስሐ ገብተው ይሆን?»

«እኔና አንቺ እንግባ መጀመሪያ» ብዬ ዘጋሁባት። ታላቄ ላይ ስልክ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው።

ኅዳር 6

ልጃቸው በሬን አንኳኳች። ከካፖርታቸው ኪስ ያገኘችውን ሰጠችኝ። አዲስ ቁልፍ ነው፣ በክር ቁራጭ ካርቶን ታስሮበታል። ጽሕፈቱ የጋሼ ነው፤ ፊደሎቹ ተንጋደዋል።

*ለጎረቤቴ። ምሬሻለሁ። ብቻሽን ግቢ።*

«ሐኪም ቤት ልንሄድ ስንል በርሽን አንኳኩቶ ነበር አባዬ» አለችኝ። «ትንሽ እንጠብቃት ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። መኪናው ቆሞ ስለነበር እኔ ነኝ ያስነሳሁት።»

ተቃቅፈን አለቀስን።

ኅዳር 7

ከሥራ በፊት ሄድኩ። እንደ ልማዴ መጀመሪያ አንኳኳሁ… ለማን? ቁልፉ ሳያንገራግር ዞረ። ብቻዬን ገባሁ።

አልጋቸው ከግድግዳዬ ጋር ተጣብቋል። ሌላ ጊዜ መስኮቱ ሥር ነበር። ትራሱ ላይ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደረግኩ። የእኔ ቤት ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ለካ ያ በለሆሳስ ያልኩትም ይሰማቸው ኖሯል።

«ነፍስ ይማር» ልል አፌን ከፈትኩ።

ምን አጥፍተው?