ደረጃችን ቀለም ስላማረበት የቀረበ ምስጋና

ለአረጋውያን ምቹ የሆኑ ሠፈሮችን ለመፍጠር የተቋቋመው የድጋፍ ፈንድ የበላይ ኃላፊ ለሆኑት፣ ለተከበሩ ኢንጂነር ሙዕተዝ
አማን ከተማ

ክቡር ሆይ፣ ሰላምታዬ በሊፍት እስከሚወጡበት ፎቅ ድረስ ይድረስዎ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፤ ዕድሜ ሲረዝም ጉልበት ስለሚከዳ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሜ የጉልበትዎን ጤና እመኝልዎታለሁ።

አቡ ሐይሠም እባላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ፍራሽና ትራስ ስሠራ የኖርኩ፣ ጽሕፈትን ከአሮጌ ጋዜጣ የተማርኩ ሰው ነኝና ቃላቴ ቢጎረብጡዎት ይታገሡኝ። የምኖረው ከታላቅ እኅቴ ከሐጃ ወስፊያ ጋር፣ ገንዘብዎ ባሳመረው የኮረብታ ደረጃ አናት ላይ ነው። መኪና አይደርስብንም፤ ወደ ዳቦ ቤቱም፣ ወደ መስጊዱም፣ ወደ ሐኪሙም የሚያወርደን ያው ደረጃው ብቻ ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ በቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

፩. ባለፈው በጋ «ለሽማግሌዎቹ ምን ይጎድላቸዋል?» ብለው የሚጠይቁ ሁለት ጨዋ ባለሙያዎች ስለላኩልን እናመሰግናለን። ባለሙያዎችዎ ደረጃውን መውጣት ስለከበዳቸው ጥያቄያቸውን ከደረጃው ግርጌ፣ በእኅቴ ባልንጀራ በኡም ናይፍ ሳሎን ውስጥ ነው ያቀረቡት። እኅቴ ሌሊቱን ጉልበቷን በዘይት ስታሽ ያደረች ሴት ናት። ሆኖም የጠየቃት እንግዳ ነዋ! «ምን ይጎድለናል ልጆቼ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉ ሙሉ ነው፤ ብቻ እናንተን ደኅና ያድርግልን» አለች። ኡም ናይፍም «እናንተ ቤታችን ገብታችሁ ደግሞ ምን ይጎድለናል? ይልቅ ብሉ!» እያለች የተምር ብስኩቱን ወደ እነርሱ ገፋች። እኔ «የደረጃው መደገፊያስ?» ብል፣ እኅቴ «ዝም በል አንተ! እንግዳ ፊት ለማኝ ልታደርገኝ ነው?» ብላ ገላመጠችኝ። ባለሙያዎችዎም የዚሁ አገር ልጆች ናቸውና የገዛ እናቶቻቸው ቢጠየቁ ይህንኑ እንደሚመልሱ ያውቃሉ ብዬ ነበር። እነርሱ ግን ምንም እንደማይጎድለን አምነው ሄዱ። እስከ ዛሬ ድረስ እንዲህ ፈጥኖ ያመነን መሥሪያ ቤት አልገጠመንም።

፪. የሚጎድለን ከሌለ የሚቀረን ማማር ነውና የደረጃችንን እያንዳንዱን እርከን በየራሱ ቀለም፣ ብጫ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ አድርገው በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ስላስቀቡልን እጅ ነሥተናል። ቱሪስቶች ይወዱታል። ዓይኗን ሞራ የጋረዳት እኅቴ ግን የእርከኑ ጠርዝ የት እንደሚያልቅ መለየት አልቻለችም፤ «ይሄ ደረጃ ነው ወይስ የተዘረጋ ምንጣፍ?» ብላ እግሯን አንሥታ ቀረች። ትንሽ ካፊያ ሲነካው ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በምረቃው ዕለት ስለ መደገፊያው ጠይቄዎት፣ ብረት የደረጃውን ውበት እንደሚሰብር በትዕግሥት አስረድተውኛል። ስለ ውበት ያስተማረኝ ሰው ስላልነበረ ለዚህም ባለዕዳዎ ነኝ።

፫. ይህንን ሦስተኛውን ባልጽፈው በወደድኩ። እኅቴ ለዘመናት ከቀትር በኋላ ያለውን የዐስር ሶላት ሰግዳ ደረጃውን ወርዳ ከኡም ናይፍ ጋር ትቀመጥ ነበር። ከቀለሙ በኋላ ግንኙነታቸው በጩኸት ሆነ። አንዷ ከታች ከበሯ፣ አንዷ ከላይ ከመስኮቷ።

«አንቺ ወስፊያ! እስካሁን አለሽ?»

«አንቺን አልቅሼ ሳልሸኝ የት ልሂድልሽ!»

ሠፈሩ ሁሉ ይስቅ ነበር፤ እኔም ከፍራሼ ላይ ሆኜ እስቅ ነበር። በክረምቱ፣ በዝናቡ መሐል፣ ኡም ናይፍ ሞተች። እኅቴ ጥቁሯን ለብሳ፣ ምርኩዟን ይዛ ወጣችና የመጀመሪያው እርከን ላይ ቆመች። ሮዝ ነው፤ ውሃው ያብለጨልጫል። አንድ ጊዜ እግሯን ሰደደች፤ መለሰችው። የጎረቤት ልጆች በወንበር ተሸክመው ያውርዱሽ ብላት «ሬሣ ነኝ እንዴ? ሐዘን ቤት በሸክም ልግባ?» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ቁጣዋ በረደላትና፣ በቀስታ፣ «እሷ ብትሆን በአራት እግሯም ቢሆን ትመጣልኝ ነበር» አለች። ሐዘኑ እስኪነሣ ድረስ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ የሚገባውንና የሚወጣውን ስታይ ሰነበተች። ማንንም አልከሰሰችም፤ እርስዎንም አላነሣችዎትም። የቀልድ ሰው ነበርኩ፤ በእነዚያ ቀናት ግን ለእኅቴ የምነግራት ቀልድ አጣሁ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ቤቴ የገቡ እንግዳ ስላልሆኑና በአደባባይ ስለምጽፍልዎ ነውሩን ሽሬ እናገራለሁ፤ መደገፊያ ይጎድለናል። ከላይ እስከ ታች የሚደርስ፣ እጅ የሚጨብጠው ተራ የብረት ቧንቧ። ውበት ከሰበረ ቱሪስቶቹን እኔው ይቅርታ እጠይቅልዎታለሁ።

መሥሪያ ቤትዎ በሊፍቱ፣ ሊፍቱም በመብራቱ ይክበር እያልኩ፣ ከኮረብታው አናት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ዝቅ ማለቱን እንጂ መውረዱን የተከለከልኩ አገልጋይዎ፣
አቡ ሐይሠም፣ ፍራሽ ሠሪው

ማስታወሻ፦ በተረፈው ገንዘብ ቀለሙን ሊያድሱልን እንዳሰቡ ሰማን። እባክዎ አይድከሙ። ዝናቡ ከላይ ያሉትን እርከኖች እየላጣቸው፣ የድሮው ሻካራ ድንጋይ እየወጣ ነው፤ እኅቴም በተላጠበት ልክ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ ትናንት አራተኛው እርከን ድረስ ወርዳለች። ከመሥሪያ ቤትዎ የበለጠ የሠራልን ዝናቡ ነውና፣ ሥራውን እስኪጨርስ ይተዉልን።