የመኪናዬ ቀኝ በማን በኩል ነው?

ይድረስ ለተከበሩ የመኪና ዓመታዊ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ፦

ከነመላ ሠራተኞችዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ይጽና፤ ወገብዎንም ጎንበስ ከማለት ይሰውርልዎ። እኔ ቱሉ ለሜሳ የቀጨኔ ሰው ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቃሉ የእኔ ነው፣ የሚጽፈው ጎረቤቴ መምህር ጢሞቴዎስ ነው። እንዳያለሰልሰው አስምዬዋለሁ። አርባ ዓመት መኪና ስር ተኝቼ የኖርኩ መካኒክ ነኝ።

፩ኛ. አሮጌዋ ኮሮላዬ ጉድጓድ ስትነካ ከፊት «ቋ» ማለት ስትጀምር፣ በክሪክ አንስቼ ጎማዋን ከላይና ከታች ይዤ ወዘወዝኩት። የግራው ቦል ጆይንት፣ ጎማውን ከስር የሚይዘው መገጣጠሚያ ማለቴ ነው፣ ማለቁን እጄ ነገረኝ። ቀኙ ጤነኛ ነበር። የምርመራዋ ቀን ደርሶ ስለነበር፣ ሌላም ካገኛችሁባት አብሬ ልሠራው ብዬ እንዳለች አመጣኋት።

፪ኛ. መርማሪዎ አቶ ሬድዋን የልብሳቸውን ንጽሕና ሳላደንቅ አላልፍም። ከመኪናዋ ፊት ለፊት ቆመው፣ ቋቋታውን በራሳቸው ቀኝ በኩል ስላገኙት፣ «ቀኝ ይቀየር» ብለው ጻፉ። በእኛ ሙያ የመኪና ቀኝ የሾፌሩ ቀኝ ነው፤ ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ግራው ነው። ይህንን ባስረዳቸው፣ «አባባ፣ እርስዎ ማንበብ አይችሉ፤ ወረቀቱ የሚለውን ያድርጉ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አልችልም።

፫ኛ. ታዛዥ ነኝና ጤነኛውን ቀኝ ነቅዬ አዲስ አስገባሁ። ግራውን ወረቀቱ ስላላዘዘ በእልህ ተውኩት፤ ይህ የራሴ ጥፋት ነው፣ ለእርስዎ አላካፍልም። በሳምንቱ ብመለስ አቶ ሬድዋን እዚያው ቦታ ቆመው፣ ያው ጎማ «ቋ» ብሎላቸው፣ «ቀኙ አልተቀየረም» ብለው ጻፉ። ሰው እንዲህ በአቋሙ ሲጸና ደስ ይላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስ ተባልኩ።

እስከዚያ መኪናዋ ያለ ቦሎ በር ላይ ቆማለች። ባለቤቴ ቦሰና በሳምንት ሦስት ቀን ጳውሎስ ሆስፒታል ሄዳ ኩላሊቷን ትታጠባለች። አሁን ትከሻዬን ይዛ፣ ሦስት ቦታ ድንጋይ ላይ አርፋ፣ ቁልቁለቱን ወርዳ ነው ታክሲ የምትይዘው። ስትመለስ ዳገት ይሆናል፤ ታጥቦ የመጣ ሰው ደግሞ አቅም የለውም። በቃ፣ እኔ ደከመኝ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀጠሮዬን ወደዚህ ሳምንት ይሳቡልኝ።

ከወንበርዎ ሳይነሱ ሁሉን የሚያውቁትን እርስዎን፣ ከመኪና ስር ተንጋልሎ በታላቅ አክብሮት እጅ የሚነሳዎት፣
ቱሉ ለሜሳ
(በአውራ ጣቱ የፈረመ)

ከግርጌ የተጨመረ፦ ግራውን ትናንት ቀይሬዋለሁ። አቶ ሬድዋን ብዕር ከማንሳታቸው በፊት አንዴ የሾፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጡልኝ። ቀኝ የትኛው እንደሆነ ከጠፋቸው፣ የሚጎርሱበት እጅ ነው፤ እሱን ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም።