ገንዳውን ስላስፈገፈጉልን የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ዲበኩሉ፣ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካው ምክትል ሥራ አስኪያጅና የእንግዳ አቀባበል ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ስብሰባ ላይ ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንዴት ነው እላለሁ፤ በተለይ ሳንባዎ። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ እንዳያጥርዎ፣ ሲመሽም ጋደም ብለው መተኛት እንዳያቅትዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ ይህ ምን ያህል ትልቅ ሀብት እንደሆነ እኛ ቤት ዘንድሮ ተምረናልና። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ከመካከላችን አንዱ ተቀምጦ ነው የሚያድረው እንጂ።

ስሜን ስለማያውቁት ላስተዋውቅዎ። ሑስና እባላለሁ። ከአዳማ ወደ ደራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከፋብሪካዎ በታች፣ ከእናንተ ግቢ በሚወርደው የቦይ ውሃ ሽንኩርት ከሚያለሙት ሰዎች አንዷ ነኝ። ባለቤቴ ደሊል ደግሞ የእርስዎ ሠራተኛ ነው። ለእንግዳ ክብር ሲባል ገንዳ ውስጥ የወረደው ሰውዬ ብልዎ ምናልባት ትዝ ይልዎ ይሆናል። ይህን ሁሉ በአደባባይ የምጽፈው ደፋር ሆኜ ሳይሆን፣ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ስለምትነግረኝና ስብሰባው እስካሁን ባለማለቁ ነው።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር ከመነሻው ልጀምር። ድሮ ፋብሪካው ጨርቅ ያቀለመበትን ውሃ እንዳለ ወደ ቦዩ ይለቀው ነበር። ቀይ ሲቀለም ቀይ፣ ሰማያዊ ሲቀለም ሰማያዊ ይወርድልናል፤ የከተማ ሰው ለመጪው በዓል ምን እንደሚለብስ ከነጋዴው ቀድመን የምናውቀው እኛ ነበርን። የሽንኩርቱ ቅጠል ከጫፉ ይቃጠላል፣ የሰው እግር ይቆስላል፣ አቤት ስንል ይጣራል እንባላለን። ከሦስት ዓመት በፊት ግን፣ ሐቁን ለመናገር፣ ፋብሪካው ደግ ሥራ ሠራ። ትልቅ የሲሚንቶ ገንዳ ተሠርቶ ውስጡ የተበሳሱ ፕላስቲኮች ተደረደሩበት፤ ውሃው በእነሱ መሃል እያለፈ እንዲወጣ ተደረገ። ትንሽ ቆይቶ ፕላስቲኮቹን ቡናማ ዝልግልግ ነገር ለበሳቸው። የፋብሪካው ኬሚስት ወይዘሪት ልዩ መንደራችን ድረስ መጥታ እንዳስረዳችን፣ ያ ዝልግልግ ባዮፊልም ይባላል፤ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ተጣብቀው የሚኖሩበት ሽፋን ሲሆን፣ ቀለሙንና ኬሚካሉን እየበሉ ውሃውን የሚያጠሩት እነሱ ናቸው። ሠራተኞቹ ባጭሩ እርሾው ይሉታል፤ እሱ ከሞተ ውሃውን የሚያጠራው የለም፣ እንደገና ለማሳደግም ወራት ይፈጃል።

ደሊል የተቀጠረው ይህን እርሾ እንዲጠብቅ ነው። አየር የሚነፋው ሞተር እንዳይቆም ያያል፤ ማቅለሚያ ክፍሉ አሲድ ሲለቅ ደግሞ ቫልቩን ዘግቶ ወደ ሌላ ጉድጓድ ያዞረዋል። ማታ ቤት ሲገባ ስለ ሰው የሚያወራ ይመስል ዛሬ ደኅና ሲበሉ ዋሉ ይለኝ ነበር። የኔን ወጥ እንዲያ አመስግኖት ስለማያውቅ ትንሽ ቅር ይለኝ እንደነበር አልደብቅዎም። ሽንኩርታችን ግን አማረ፣ እግራችንም ዳነ።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ፦ ለንጽሕና ስላለዎት ፍቅር። እንግዶች ሊመጡ ነው ተብሎ ኮሚቴዎ ግቢውን ሲዞር፣ ገንዳው ዘንድ ሲደርሱ አፍንጫዎን በመሐረብ ይዘው ይህ ቆሻሻ ለእንግዳ እንዴት ይታያል ማለትዎን፣ ፕላስቲኩም ከሱቅ እንደወጣበት ቀን ነጭ እስኪሆን በሽቦና በበረኪና እንዲፈገፈግ ማዘዝዎን ሰምቻለሁ። ወይዘሪት ልዩ ቆሻሻውን የሚበላው እሱ እንጂ ቆሻሻው እሱ አለመሆኑን ብትነግርዎ፣ እንግዳ በማይክሮስኮፕ አያይም ብለው እንደመለሱላትም ተነግሮኛል። ልጅቷ አላርፍ ብላ በጽሑፍ ብታስጠነቅቅ በማግሥቱ ወደ ክር መጋዘን ተዛወረች። ክር ነፍስ ስለሌለው የሚሞትባት ነገር አይኖርም፤ ስላሰቡላት እግዜር ይስጥልን።

2ኛ፦ ስለ ባለቤቴ። እዚህ ላይ ቃል ባበዛ ይታገሡኝ። ደሊል ሦስት ዓመት የተንከባከበውን ነገር በገዛ እጁ እንዲፍቅ ታዘዘ። አይሆንም ቢል ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ስለተነገረው ቦት ጫማውን አድርጎ ወረደ። የጭንብል ግዢ በሂደት ላይ ስለነበር አፉ ላይ ያሰረው የኔን ሻሽ ነው። እሱ በረኪና ውስጥ ቆሞ ሲፈገፍግ፣ ቫልቩን የሚዘጋው ሰው ራሱ በመሆኑና እሱ ደግሞ ታች በመሆኑ፣ ለማቅለሚያ ክፍሉም ገንዳ ውስጥ ሰው አለ ያለው ስላልነበረ፣ አሲዱ እንደ ልማዱ ተለቀቀ። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ሐኪሙ በኋላ አስረድቶኛል። አብረውት የነበሩት በገመድ ጎትተው ሲያወጡት ዓይኑ አያይም፣ ከአፉም አረፋ ይወጣ ነበር። በዚያ ሰዓት የእንግዶቹ መኪኖች በፊት በር እየገቡ ስለነበር ሥነ ሥርዓቱ እንዳይበላሽ ባለቤቴ በጀርባ በር በባጃጅ ተሸኘ። እናንተም ከነጩ ገንዳ ጋር ፎቶ ተነሳችሁ። ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ሁላችሁም ፊታችሁ ፈክቷል።

አሁን ደሊል ከበራችን እስከ ቦዩ ለመድረስ መሃል ላይ ማረፍ አለበት። አንድ ነገር ሊነግረኝ ይጀምርና ትንፋሽ ሲያጥረው ቀሪውን በእጁ ያሳየኛል፤ ካልገባኝ ይተወዋል። ሱጁድ መውረድ ስላቃተው ወንበር ላይ ሆኖ ይሰግዳል። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ አንድም ቀን እንዲያ ያለ ነገር እንዳይሸተው ብሎኛል፤ ቤት ውስጥ ልብስ እንኳ በበረኪና አላጥብም። ክቡር ሆይ፣ በጣም ተናድጃለሁ። በአክብሮት ነው የተናደድኩት፣ ግን ተናድጃለሁ።

3ኛ፦ ለላቀ የጽዳት አስተዋጽኦው ስለላካችሁለት የምስጋና ወረቀት። ማኅተሙ ያምራል። ደሊል ተደግፎ የሚያድርበት ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ አንዳንዴ ጭንቅላቱ ይነካዋል።

4ኛ፦ ስለ ውሃው። እንግዶቹ ተደስተው ከሄዱ በኋላ እርሾው ስለሞተ የፋብሪካው ውሃ ከነቀለሙ፣ ይባስ ብሎም ከነበረኪናው ወረደልን። የጎረቤታችን የኦቦ ምልኬሳ ከብቶች ቦዩ ላይ አፍንጫቸውን አስጠግተው ሳይጠጡ ተመለሱ፤ ከብቶቹ የኮሚቴ አባል ስላልሆኑ ነገሩ ቶሎ ገብቷቸዋል። እኛ ግን ምርጫ ስላልነበረን ሽንኩርቱን አጠጣነው፤ ሊነቀል ሲል አርሮ ቀረ። ኦቦ ምልኬሳ ለአቤቱታ ቢመጣ ወስዳችሁ ገንዳውን አሳያችሁት። ነጭ ነበር፤ ነጭ መሆኑን እሱም አልካደም።

5ኛም ነበረኝ። እሱን ልተወውና ወደ ልመናዬ ልለፍ።

ዝልግልጉ ተመልሷል። ወይዘሪት ልዩ ከመጋዘኗ ስትወጣ እየመጣች፣ ሽቦ ካልደረሰባቸው ጥጋጥጎች የተረፈውን ዘር አድርጋ እንደገና አሳድጋዋለች፤ ይህንንም ያለ ትእዛዝ በማድረጓ እንደማይቀጧት ተስፋ አደርጋለሁ። በያዝነው ወር ውሃው መጥራት ጀምሯል። ደሊል ቦዩ ዳር ተቀምጦ በመዳፉ ዘገን አድርጎ ያየዋል፤ ከአደጋው ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እናንተ ደግሞ ሐሙስ ሌላ እንግዳ ይመጣል ብላችሁ፣ ገንዳው ጠዋት እንዲፈገፈግ የፋብሪካው በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፋችኋል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ አይንኩት። ለዓይን የሚሆን ነገር ካስፈለገ አጥሩን ቀለም ይቀቡት፣ በመንገዱ ዳር አበባ ይደርድሩ፣ ገንዳውን በሸራ ይሸፍኑት። ወይም እውነቱን ይንገሯቸው፤ ይህ የሚሸት ቡናማ ነገር ውሃችንን የሚያጠራልን ነው ይበሏቸው። የሚመጣው ሰው ነው፣ ከተነገረው ይገባዋል። ከገባው ደግሞ ከነጩ ፕላስቲክ ይልቅ ይሄኛውን ነው የሚያደንቅልዎ። እርሾው እንደገና ከሞተ እኛ የምንተክለው ነገር የለንም፤ ወደ ገንዳው የሚወርደውም ሰው ማን እንደሆነ፣ የማን ባል እንደሆነ ከማውረድዎ በፊት እንዲጠይቁ እማጸናለሁ።

ዕድሜዎ የረዘመ፣ ትንፋሽዎ የሞላ፣ ስብሰባዎም አንድ ቀን የሚያልቅ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ ጠይቄ፣ ከታላቅ አክብሮትና ካልበረደ ንዴት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ሑስና መሐመድዘይን
ከቦዩ በታች

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ታናሽ ወንድሜ ሙስዓብ መጣ። የደሊልን ቦታ እንደሰጣችሁትና የመጀመሪያ ሥራው ሐሙስ ጠዋት ገንዳ ውስጥ መውረድ እንደሆነ ነገረኝ። ቦታው አልተለቀቀም፣ ባለቤቱ ገና ይተነፍሳል አልኩት። እንዳይሄድ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት። ሚስቱ ልትወልድ ደርሳለች፤ እኔ ብቀር ሌላ ይወርዳል አለኝ፣ እናም ይመጣል። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ዝልግልጉን መተው የማይሆንልዎ ከሆነ እርስዎም ቦት ጫማ አድርገው ከወንድሜ ጋር ይውረዱ፤ በረኪናው ከፈሰሰ በኋላ እንግዶቹ እስኪደርሱ ድረስ አጠገቡ ቆመው ይተንፍሱ።