ከኮርቻ የምትወርጂበት ደጅ

ይድረስ ለእህቴ፤

ብዕሩን የያዘው ምስክር ነው፤ የፈንታ ልጅ፣ እንግዶችን ተራራ የሚያወጣው አስጎብኚ። እጁ የሱ ነው፣ ቃሉ የኔ። እንዳታሳምርልኝ ብዬ አስምዬዋለሁ፤ ስለዚህ ለስለስ ያለ ነገር ከሰማሽ ከሱ ነው፣ እኔን አትጠርጥሪ።

እንዴት ከርመሻል? የመርሐቤቴ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ልጅሽ ጌታነሽስ፣ ልጆቿስ? እኔን የጠየቅሽ እንደሆነ፣ ደህና ነው ብለህ ጻፍ ብዬዋለሁ፤ ጽፏል። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል። በጎቹ ወልደዋል። የቤቱ ክዳን አንቺና እኔ ካጨድነው ጓሳ ወዲህ ሁለት ጊዜ ታድሷል፤ እንደዚያን ጊዜው ግን ጥብቅ ሆኖ አያውቅም። ትዝ ይልሻል፣ ሣሩ ስንት ዓመት ተከልሎ ከርሞ አጨዳ የተፈቀደ ለት? እኔ አጫጅ፣ አንቺ አሳሪ። የሰው ነዶ መንገድ ላይ ሲፈታ ያንቺው እንደ ቋጠርሽው ቤት ይገባ ነበር። አንተ ሰውዬ፣ ታጭዳለህ ወይስ ሣሩን ጠጉር ታስተካክላለህ? እያልሽ አገሩን ታስቂብኝ ነበር። አሁን እዚያ ሣር መሀል ስቆም ድምፅሽ ይመጣብኛል። እንደዚያ የሚሰድበኝ ሰው አጣሁ።

የምነግርሽ ግን ሌላ ነው።

ተራራችን ላይ ለዕረፍት የሚመጡ ሰዎች አሉ። ዕረፍት ይሉታል! ዳገት ሲወጡ ይውላሉ፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ድንኳን ውስጥ በብርድ ሲንቀጠቀጡ ያድራሉ፣ ጠዋት ተነሥተው እንዴት ደስ ይላል ይላሉ። የጅብራ ግንድ አቅፈው ፎቶ ይነሣሉ። ቀይ ቀበሮ ያየ ሰውማ እንደ ሚዜ ይዘላል። እኔ በቅሎዬን ይዤ አብሬ እሄድ ነበር። የነምስክር ማኅበር ደግሞ ሰው አይመርጥም፤ ሽማግሌ ብትይ፣ ዓይነ ስውር ብትይ፣ ሁሉንም ና ይላል። በኅዳሩ ጉዞ ከመጡት አንዱ መኳንንት የሚባል ጆሮው የማይሰማ አናጢ ነበር። አንዷ ደግሞ በዛወርቅ ትባላለች፣ የአዲስ አበባ ሴት፣ እግሯ እንዳንቺው አልታዘዝ ያላት። የማኅበሩ መኪና ራቤል ከተማ ካወረዳት በኋላ፣ ምስክር የጀርባ ድጋፍ ያለው ኮርቻ አሠርቶ ስለነበር በኔው በቅሎ ላይ ተቀመጠች።

ምላሷ ቁርጥ ያንቺው ነው። ልጓሙን ገና ስይዝ፣ አባባ፣ መንገዱን የሚያውቀው ማን ነው፣ እርስዎ ነዎት ወይስ በቅሎዋ? አለችኝ። በቅሎዋ ናት፣ እኔ ለወሬ ነው የመጣሁት አልኳት።

ኪዳነ ምሕረት ደጅ ስንደርስ ነው ነገሩ። ያን ደጅ በኮርቻ ላይ ሆኖ ያለፈ ሰው እኔም አንቺም አላየንም። ባለጸጋም ይወርዳል፣ ሙሽራም ትወርዳለች። የእናታችን ተዝካር ለት አንቺ ከዚያ እንደ ተመለስሽ እኔ አልረሳሁም። ከመርሐቤቴ ድረስ መጥተሽ፣ ቤታችን ከፊትሽ እየታየ፣ ወርጄ ካልተሳለምኩ አላልፍም አልሽ። እናውርድሽ ስንልሽ፣ እንደ ጆንያ አታወርዱኝም አልሽ። በበግ መንገዱ በታች ላዙርሽ ስልሽ፣ እኔ ሌባ ነኝ በጓሮ የምገባ? ብለሽ በቅሎዋን መለስሻት። እኔም አልለመንኩሽም። እኔና አንቺ የአንድ ሰው ልጆች ነን።

በዛወርቅን ሳያት ያ ቀን መጣብኝ። ሌሎቹ ወደ ደጁ ቀርበው ሲሳለሙ፣ እንዳታፍር ብዬ ድምፄን አጥፍቼ በቅሎዋን ወደ በግ መንገዱ አዞርኳት። አባባ፣ ወዴት ነው? አለችኝ። አቋራጭ ነው አልኳት። ይሄ እኮ ገደሉን ሊዞር ነው፣ አቋራጭ እንዲህ ይረዝማል? አለችኝ። ውሸት አይሆንልኝም፤ ነገርኳት። በኮርቻ አይታለፍም፣ አንቺ ደግሞ መውረድ አትችዪም አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። ማን አልወርድም አለ? አንድ ሰው ጠየቀኝ? ይመልሱኝ! አለች። በቅሎዋም ከኔ ይልቅ እሷን ሰምታ ዞረች።

የበግ ጠጉር ባናዬን አነጠፍኩ፣ አንቺ የፈተልሽውን። እሷ ከላይ ሆና ታዛለች፦ ግራውን እግር አስቀድሙ፣ ቀኙ ሰነፍ ነው፣ ሲፈልግ ይከተላል። መኳንንት ቃሉን ባይሰማም እጇን እያየ ይሠራል። እኔ በብብቷ ይዣት ሳለ ተንገዳገድኩና ሦስታችንም ባናው ላይ ዘጭ አልን። ከዚያ ሳቀች፤ እንዴት ያለ ሳቅ! ቄሰ ገበዙ ምን ጉድ ነው ብለው ወጡ፤ ሲያዩን እሳቸውም አልቻሉም፣ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። መስቀላቸውን ዝቅ አድርገው አሳለሟት። መሬቱን ሳመች፤ ግንባሯ አፈር እንደያዘ አንሥተን ኮርቻው ላይ መለስናት።

ትንሽ እንደ ሄድን፣ አላፈርሽም ወይ? ብዬ ጠየቅኳት። በምኑ? አለችኝ። ከበቅሎ የሚወርድ ሰው ሁሉ እርካብ የሚይዝለት አለው፤ እኔን በርከት ብለው ያዙኝ እንጂ ሌላ ምን አለው? አለች።

ይህን ስትል ለአንቺ ምን ማለት እንደነበረብኝ ገባኝ።

እንግዲህ ስሚ። አልለምንሽም፣ ልመና አልችልበትም። የሚቀጥለው ጉዞ ገና በዋለ በሳምንቱ ነው፤ ምስክር ቦታ ይዞልሻል። ጌታነሽ እስከ ደብረ ብርሃን ታድርስሽ፤ ከዚያ የማኅበሩ መኪና ራቤል ያመጣሻል። በቅሎዋን የሚስብልሽ ምንይሉ ነው፣ የወንድማችን ልጅ። ለሱ ሰጥቻታለሁ፤ ለምን አትበዪኝ። እኔ ከቤት ወርጄ ደጁ ላይ እጠብቅሻለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ደግፈው ያወርዱኛል። አንቺን ከኮርቻ ስናወርድ ግን የኔም እጅ ይኖርበታል፣ ማንም አይከለክለኝም። ብንወድቅም አብረን እንወድቃለን፣ ቄሰ ገበዙም ይሳቁ።

ጥምቀትን አታሳልፊው። ከዚያ ወዲያ የመጣሽ እንደሆነ እስከ ቤት መድከም አያስፈልግሽም፤ እዚያው ኪዳነ ምሕረት ታገኚኛለሽ። ምስክር እዚህ ላይ ብዕሩን አቁሞ ያየኛል። ጻፍ ብዬዋለሁ።

እመቤቴ መንገድሽን ታቅናልሽ። ከቆላ ንዳድ ትሰውርሽ። የልጅ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ታብቃልሽ፣ እኔንም ዓይንሽን ለማየት ታብቃኝ።

ደጁ ላይ የሚጠብቅሽ
ታላቅ ወንድምሽ

በል ምስክር፣ አሁን አንብብልኝ። ለኔ አይደለም፤ ለሷ እንደምታነብ አድርገህ፣ ቀስ ብለህ። ትመጣ እንደሆነ ልስማው።