የወርቅአፈራሁ ተክሎች በጥም አልሞቱም

ለክቡር አቶ ሰይፈሥላሴ፣
ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ዳገቱን ወጣ ብሎ ለሚገኘውና ለክብሩ ስል ስሙን ለማልጠራው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ምኞቴ ይሁንልኝ። ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ በተለይም በፊርማ ብዛት የሚደክመውን ቀኝ እጅዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። እኔ፣ ባይጠይቁኝም፣ ደህና ነኝ።

ሰብስቤ ገረሱ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በችግኝ ጣቢያ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ ሳንሱሲ የምኖር ሰው ነኝ። እርስዎ ግን የሚያውቁኝ በባለቤቴ ነው። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ በመዝገብ ቤትዎ ሃያ ስድስት ዓመት ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስትመዘግብ ኖራ፣ ዓምና ኅዳር ላይ ታማ ቀረች፤ ታኅሣሥ ላይ አረፈች። ልጅ አልነበረንም። በኮሪደሩ መስኮት ሥር ግን ሰባት ተክሎች አሳድጋለች፤ ስድስቱን በዱቄት ወተት ጣሳ፣ አንዷን ሐረግ ጆሮው በተሰበረ ማሰሮ። የጣሳዎቹን ቂጥ በምስማር የበሳሁላት እኔ ነበርኩ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍልዎ ለእነዚያ ተክሎች ያሳዩትን ወሰን የለሽ ደግነት ሕዝብ እንዲያውቅልዎ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ምዝገባው አመሰግናለሁ። አርባዋ እንደወጣ ተክሎቹን ልወስድ ስመጣ ጥበቃው ገብረማርያም አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሽ ሰብስቤ፣ ቁጥር ወጥቶላቸዋል፤ ያለ መውጫ ወረቀት አይወጡም» አለኝ። እውነትም በእያንዳንዱ ጣሳ ላይ የንብረት ቁጥር ተለጥፏል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የማንም ያልነበሩት ተክሎች ባለቤታቸው ስትሞት የመንግሥት ሆኑ። ለእሷ ያልተሰጣት እውቅና ለጣሳዋ መሰጠቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስለ አዲሶቹ ማስቀመጫዎች ምስጋናዬ ይድረስዎ። ጣሳ ለጽሕፈት ቤቱ ገጽታ አይመጥንም ብለው የሚያብረቀርቅ ነጭ ሸክላ አስመጡላቸው። እጅግ ያምራል። ቀዳዳ ብቻ የለውም። ከላይ የገባው ውኃ በየት እንደሚወጣ የጠየቀ ሰው መኖሩን አጣርቼ ነበር፤ አልተገኘም።

ሦስተኛው ስለ አረንጓዴ ኮሚቴው ነው። አምስት አባላት ያሉት፣ ሰብሳቢው እርስዎ የሆኑበት ኮሚቴ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ተረኛ ተመድቦለት ተክሎቹን በየቀኑ እንዲያጠጣ ወሰነ። ወርቅአፈራሁ በሳምንት አንዴ፣ በክረምት ደግሞ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነበር የምታጠጣው፤ ያውም ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከትታ ካየች በኋላ። የኮሚቴው አባላት ግን ትጉ ናቸው። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን «ተርቧል» ተባለና ከአባላቱ አንዱ ከገጠር ያመጣው ዩሪያ በእፍኝ በእፍኝ ተጨመረ። ሲጠወልግ «ጠምቶታል» ተባለና ውኃው በእጥፍ ሆነ። የበለጠ ሲጠወልግ ማዳበሪያውም በእጥፍ ሆነ። በዚህ ሁሉ መካከል አንድም ሰው ክፉ አላሰበም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸው ነው።

አራተኛውን በትሕትና ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ወረቀት ቀድጃለሁ፤ ይታገሡኝ።

ባለፈው የካቲት በኮሪደሩ ወሬ ተነሣ። ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ከሐረጓ ቅጠሎች ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ተክሏ ታለቅሳለች ተባለ። ቅዳሜና እሑድ ተዘግቶ የሰነበተ ቢሮ ሰኞ ሲከፈት አፈሩ እንደራሰ ይገኛል። መቃብር መቃብር የሚል ሽታ አለ። ትናንሽ ዝንቦች ከአፈሩ እየተነሡ ሰው ፊት ላይ ያርፋሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ እሙ ቀድማ ተናገረችው፤ «እትዬ ወርቅአፈራሁ ናቸው፤ እየመጡ ያጠጣሉ» አለች። እርስዎም ይህን ሲሰሙ፣ እንደ አንድ የተማረ ኃላፊ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ በኮሪደሩ ብቻን መሄድ የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ በማኅተም አወጡ።

ቀጥሎም ጸበል መጣ፤ በሃያ ሊትር ጀሪካን። በጸበል አልቀልድም፤ አምናለሁ፤ እኔም ተጠምቄበታለሁ። ግን ጸበሉም ውኃ ነው፣ ማስቀመጫውም ቀዳዳ የለውም።

በመጨረሻ ስልክ ደወሉልኝ። ቃልዎን እንዳለ ላስቀምጠው። «አባባ፣ እንዳይቀየሙኝ፤ የባለቤትዎን ተዝካር በሚገባ አውጥተዋል ወይ? ነፍሷ ያላረፈች ይመስላል፤ የመንግሥት ንብረት እየሞተብን ነው» አሉኝ። ክቡርነትዎ፣ ተዝካሩ ወጥቷል። እርስዎም ከድንኳኑ መግቢያ በስተግራ ተቀምጠው ነበር፤ ወጡ እንደጣፈጠዎ ተናግረው ሁለት ጊዜ አስጨምረዋል። ይህን ያነሣሁት ለነቀፋ አይደለም፤ ምስክር ይሆኑኛል ብዬ ነው።

ስልኩን ዘግቼ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ፈራሁ። መጥታ ከሆነ ለምን ወደ እርስዎ ኮሪደር እንጂ ወደ ቤቷ አልመጣችም? ወይስ ወደ እኔ የማትመጣበት ምክንያት አላት? ምክንያቱንም የማውቀው መሰለኝ።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ መጣሁ። ያዩኝን ቀን አይረሱትም፤ ካፖርቴ ረጅም ስለነበር «አባባ ብርድ ነው?» ብለውኛል። በሩ ላይ ሳለሁ ሽታው ተቀበለኝ። የመቃብር ሽታ አልነበረም፤ አየር ያጣ ረግረግ ሽታ ነው፤ የበሰበሰ ሥር ሁሉ እንደዚያ ይሸታል። ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ ከተትኩት፤ ጭቃ ለብሶ ወጣ። አንዱን ማስቀመጫ ላነሣው ስል ወገቤን ያዘኝ፤ አፈር እንዲያ አይከብድም።

ያን ዕለት አልሰሙኝምና አሁን ደግሜ ልጻፍልዎ። የጠማው ተክል ይጠወልጋል፤ የሰመጠውም ይጠወልጋል። ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው አፈሩ ነው። አፈሩ ደርቆ ቅጠሉ ከተንኮሻኮሸ፣ ያጠጡት። አፈሩ ርሶ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ከለሰለሰ ግን ሥሩ ትንፋሽ አጥሮታል፤ ስለ እግዚአብሔር ብለው እጅዎን ይሰብስቡ። በአፈሩ ፊት ላይ ያዩት ነጭ ቅርፊት የምትሐት ምልክት አይደለም፤ ተክሉ ሊጨርሰው ያልቻለው ማዳበሪያ ጨው ነው። የቅጠሉ ጫፍ እሳት እንደለበለበው ቡናማ የሆነው ከረሃብ ሳይሆን ከጥጋብ ነው። ዝንቦቹ ርጥበት ፍለጋ የመጡ ናቸው። ሰኞ አፈሩ ርሶ የተገኘው ውኃው የሚሄድበት ስለሌለው ነው።

ስለ ልቅሶዋም። ሐረግ ሥሯ ከሚገባው በላይ ሲጠጣ ጠዋት ጠዋት ትርፉን በቅጠሏ ጫፍ ታንጠባጥባለች። ስድስቱ ሥራቸው አልቆ ስለነበር አንዲት ጠብታ አላወጡም። ያለቀሰችው ገና በሕይወት ያለችው ብቻ ነበረች። ሰው የፈራውም እሷን ነው።

ይህን ሁሉ ቆሜ ሳስረዳዎ በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ «የባለሙያነት ማስረጃ ይዘዋል?» አሉኝ። አለመያዜን ስነግርዎ ጉዳዩ በኮሚቴ እንደሚታይ፣ እስከዚያው ግን ውኃው እንዳይቋረጥ አዘዙ። ለተሰጠኝ ጊዜ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ደረጃው ላይ ውዳሴ ተከትላኝ መጣች። የጽሕፈት ሥራ የምትሠራውን ልጅ ነው የምልዎ፤ ስሟን እንድጽፍ ራሷ ፈቅዳልኛለች። ፊቷ በእንባ ርሷል።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እትዬ ወርቅአፈራሁ ታመው ሲቀሩ ‹ተክሎቼን አደራ› ብለውኝ ነበር። ኮሚቴው አይበቃቸውም ብዬ ዓርብ ዓርብ ሰው ሲወጣ እጨምርላቸው ነበር። ሲጠወልጉ ደግሞ አብዝቼ ጨመርኩ። መንፈስ ነው ሲባል ዝም አልኩ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

ልቆጣት አፌን ከፈትኩ፤ ያልኳት ግን ሌላ ሆነ። ለማንም ያልተናገርኩትን ለእሷ ነገርኳት፤ አሁን ደግሞ ለእርስዎና ይህን ለሚያነብ ሁሉ እናገራለሁ።

የወርቅአፈራሁ ልብ ደክሞ ነበር። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ እግሯ የሚያብጠው ውኃ ስለሚያጠራቅም መሆኑን፣ በቀን ከአራት ብርጭቆ በላይ እንዳትጠጣ፣ ጨው ያለው ሾርባም እንዳይሰጣት አስጠነቀቀኝ። እሷ ግን ከንፈሯ ይደርቅ ነበር። «ሰብስቤ፣ ውኃ» ትለኛለች። ዓይኗ ሲጠወልግ አያለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራተኛ ስቀጥር «የጠወለገ ሁሉ የጠማው አይደለም» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው፣ አምስተኛውን ብርጭቆ ሰጠኋት። ስድስተኛውንም ሰጠኋት። ጎረቤት የላከውን ሾርባ ትራሷን ቀና አድርጌ በማንኪያ አጎረስኳት፤ አቅም እንድታገኝ ብዬ። «እግዜር ይስጥህ» አለችኝ። በአራተኛው ቀን ትንፋሽ አጠራት።

ያ ብርጭቆ ይሁን፣ ሕመሙ ይሁን፣ አላውቅም። ሐኪሙን አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። ብርጭቆዋን ግን እስከ ዛሬ ከአልጋው አጠገብ አላነሣኋትም። ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን ስሜን ስትጠራ እሰማለሁ፤ ተነሥቼ ማድጋው ዘንድ እደርሳለሁ፤ እዚያ እንደቆምኩ እቀራለሁ። እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ መንፈሷን ለሚፈልግ ሰው አድራሻው ሳንሱሲ ነው። በእርስዎ ኮሪደር አልዞረችም።

ውዳሴ ይህን ስትሰማ ማልቀሷን ተወችና እጄን ያዘችኝ።

ከንብረት ዝርዝርዎ አንድ ቁጥር ጎድሎ ከሆነ ሌባው እኔ ነኝ። ያን ዕለት ተመልሼ ወጥቼ ሐረጓን ከነሥሯ መዘዝኳት፤ በፌስታል ጠቅልዬ በካፖርቴ ሥር ይዣት ወጣሁ። ጥበቃው በዚያች ሰዓት ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ሰማዩን ይመረምር ስለነበር አላየኝም፤ እንዳይቀጡት። ሌሎቹ ስድስቱ በሳምንቱ ከቆሻሻ ጋር መጣላቸውን ሰምቻለሁ።

ቤት አድርሼ ሳያት ሥሯ ጠቁሮ በጣት ሲነኩት እንደተቀቀለ ጎመን ይላጣል። ነጭና ጠንካራ ሆነው የተረፉት ሁለት ብቻ ነበሩ። የበሰበሰውን በንጹሕ ምላጭ ቆረጥኩ፤ የማዳበሪያውን ጨው በንጹሕ ውኃ አጥቤ ጥላ ሥር አጠነፈፍኳት፤ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር፣ ቂጡ በተበሳ ጣሳ ተከልኳት። ማዳበሪያ አልሰጠኋትም፤ ሥር የሌለው አይበላም። ከዚያ በኋላ ያለው ሕክምና ምንም አለማድረግ ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውም እሱ ነው። ይኸው አርባ ቀኗ። አልሞተችም፤ አዲስ ቅጠልም አላወጣችም። በየጠዋቱ ጣቴን አፈሩ ውስጥ እከታለሁ፤ ሌላው እጄ ወደ ውኃው ይሄዳል፤ እጠራውና እመልሰዋለሁ።

ከክቡርነትዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማስታወቂያውን ከሰሌዳው አንሥተው በምትኩ፣ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ በጽሕፈት ቤቱ በሠሩበት ዘመን አንድም ተክል አለመግደላቸውን የሚገልጽ ሁለት መስመር ይለጥፉልኝ። ማኅተም ባይኖረውም እቀበላለሁ።

እጅዎ ለሰጠው ሁሉ፣ በተለይም አትርፎ ለሰጠው፣ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣ የታዛዥነት ልማዱ ገና ያልለቀቀኝ፣

ሰብስቤ ገረሱ
ሳንሱሲ፣ ሚያዝያ 2018 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በሥርዓቱ ገቢ ላስደርግ መዝገብ ቤት ስመጣ በባለቤቴ ቦታ እስከ ዛሬ ሰው አለመተካቱን አየሁ። ጥበቃው አዝኖልኝ ቀን የሚመታውን ማኅተም ራሱ አንሥቶ መታልኝ። ሳየው ኅዳር 12 ቀን 2017 ይላል። እሷ ለመጨረሻ ጊዜ ሥራ የገባችበት ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያዞረው ሰው የለም፤ በእነዚህ አሥራ ሰባት ወራት ደጅዎን የጠና ባለጉዳይ ሁሉ የገባው በዚያች ቀን ነው። ስለዚህ በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ መሠረት ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ወርቅአፈራሁ በሕይወት አለች፤ ሰባቱም አረንጓዴ ናቸው። ለመልሱ አይቸኩሉ።