ጥሩሐረግ የሞተችበት ክፍል

«ጋሼ፣ ክፍሉን ቀለም አስቀብቼዋለሁ። ልጆቹን የመታቸው መጋኛ ነው፤ ቤቱ ምንም የለበትም። ሰላማዊት ብትገባበት ምንም አትሆንም።»

ይህ ስለ ልጄ ማደሪያ በላክኸው ደብዳቤ ላይ ያለ ያንተ ቃል ነው፣ ወንድሜ ይስማው። አንድ ፊደል አልጨመርሁበትም።

ሰላምታህን ግን አላስቀርብህም። እንደምን ከርመሃል? የወገብህ ሕመም ተሻለህ? ባለቤትህ ይታየሽስ ጤናዋ እንዴት ነው? መንግሥቴ ትምህርት ጀመረ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እማማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ እህል ትቀምሳለች። ክረምቱ ቶሎ ወጣ፤ ገብሱ ግን አይከፋም። እኔ ደክሞኛል። አንድን ነገር ደጋግሞ መናገር ከማረስ የበለጠ ያደክማል።

ሰሞኑን ደሃና ሄጄ ታይቱን አየኋት። ባለፈው ጥር ከጥሩሐረግ ጋር ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ባንተ ግቢ ተከራይታ የተረፈችው ልጅ። አሁንም ራሷን ያማታል፤ የጀመረችውን ወሬ መሐል ላይ ትረሳዋለች። ምን አድርጋችሁ ነበር ብዬ ጠየቅኋት። «እቤት እንደምናደርገው ረመጡን በአመድ ዳፍነን አስገባነው፤ ጭስ አልነበረውም። ብርዱ እንዳይገባ የበሩን ሥር በነጠላ ወተፍነው» አለችኝ። ጨውም ጣል አድርገውበታል። ጨው መርዙን ይገድላል ብሎ ያስተማራቸውን ሰው ባገኘው!

አየህ፣ ልጆቹ ሞኞች አይደሉም። ያደረጉት እናቶቻቸው ያስተማሯቸውን ነው። እኔና አንተስ ያደግነው እሳት ዳፍነን እያሳደርን አይደል? ያ ቤት ግን ሣር ክዳን ነበር፤ ጣራው ይተነፍሳል። ያንተ ክፍል ብሎኬት ነው፤ በሩ ብረት፣ ኮርኒሱ ድፍን። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም ከሆነ በኋላም ይወጣል፤ የተዳፈነማ አየር ስለሚያጥረው ይብሳል።

ይህንኑ በጥሩሐረግ ተዝካር ላይ ስናገር አቶ ገብረ ጻድቅ «መምህር፣ የማይታይ፣ የማይሸት፣ የተኛን ሰው የሚገድል ካልህ፣ እኛስ መጋኛ ስንል ምን አልን?» ብለው ሰዉን አሳቁብኝ። «መጋኛ በር ስለተከፈተለት አይወጣም፤ ይኼ ይወጣል» አልኋቸው። የጥሩሐረግ እናት ግን ታናሺቱን ልጇን ዩኒቨርሲቲ አልሰድም ብላለች፤ መጋኛው ዘራችንን ለይቶታል ትላለች። ያንተ ወሬ እዚህ ድረስ መጥቶ የሠራውን እይ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የተመደቡትን ልጆች ትምህርት ቤት ሰብስቤ ነግሬያቸዋለሁ። አንዱ «መምህር፣ ከሰሉ ሳይደርስብን ብርዱ ይጨርሰናል» ብሎ ሳቅ በሳቅ አደረጋቸው። እኔ አልሳቅሁም። ከሰል ባለበት ክፍል ሁላችሁንም ባንዴ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ካቅለሸለሻችሁ፣ ጉልበት ከከዳችሁ፣ ምች ነው ብላችሁ አትተኙ፤ በሩን ከፍታችሁ ውጡ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ አልኋቸው። አንተም በግቢህ ላሉት የዋግ ልጆች በኽምጣኛ ንገራቸው። ስለ እሳት የሚያውቁትን ሁሉ የሰሙት በእናታቸው ቋንቋ ነውና ባማርኛ ብቻ አይገባቸውም።

ሰላማዊትን ሌላ ቤት ማስገባት አያቅተኝም። ግን ያ ክፍል ባዶውን አይቀርም፤ የሌላ ሰው ልጅ ይገባበታል። እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። ስለዚህ በየክፍሉ ከበሩ በላይ ጨርቅ የማይደፍነው ቀዳዳ ይበሳ። እስኪበሳ ድረስ ማንም አይደርበት። ቀዳዳው ብቻውንም አያድንምና፣ ከሰል ከደጅ እንዲቀር ተከራዮችህን አጥብቀህ አስጠንቅቅ።

እማማ «ልጄን አትቆጣብኝ» እያለች ነው ይህን የምጽፈው፤ ጉንጭህን ትስምሃለች። ሰላማዊት እጅ ትነሣለች። ባለቤቴ ደጅይጥኑ ለሁላችሁም ሰላም ብላለች። ይታየሽን አክብረህ ሰላም በልልኝ፤ መንግሥቴን ሳምልኝ።

ስልክ አትደውል፤ በስልክ «እሺ ጋሼ» ማለት ይቀናሃል። ቀዳዳው መበሳቱን፣ ጥሩሐረግንም የገደላት ምን እንደሆነ በእጅህ ጽፈህ፣ ፈርመህ ላክልኝ፤ ለእናቷ አነብላታለሁ። መልስህ ለጥቅምት ሚካኤል እጄ ይግባ።

ወንድምህ ዓለምብርሃን
ሰቆጣ፣ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.